የጋሽ ወልዴ ጉርድ ፎቶ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሰላጣ ልትሠራ የአቼቶውን ጠርሙስ ከፈተች። ሽታው ወጥ ቤቱን አልፎ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጣ። ሌላው ሰው አቼቶ ሲሸተው ምሳ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ፒያሳ የነበረ አንድ ጨለማ ክፍል ነው። ፎቶ ሲታጠብ ከመጀመሪያው መድኃኒት ወጥቶ ወደ መጨረሻው ከመግባቱ በፊት የሚነከርበት ውሃ ልክ እንደ አቼቶ ይቆመጥጣል። ያንን ሽታ ለዓመታት በፀጉሬ ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ። ልጅቷ ፊቴን አየት አድርጋ፣ "እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ምንም ያልኳት ነገር ይኸውና ይህ ነው።

ሱቁ ከወርቅ ቤቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ የሚያስገባው ቅያስ አፍ ላይ ነበር። ዛሬ ሱቁም ቅያሱም የሉም፤ ሰፊ መንገድና ረጃጅም የመብራት ምሰሶ ነው ያለው። በቀደም በታክሲ ሳልፍ የት ላይ እንደነበረ ለመለየት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ያኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀው ማዕዘን ነበር። ከጎናችን ማኪያቶ በስሙኒ የሚሸጥ ኬክ ቤት፣ ከፊት ለፊታችን ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ ያዞረ ሙዚቃ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ የጣሊያን ጫማ የሚሰቅል አንድ ሱቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ወንዶቹ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ፣ ሴቶቹ ከጉልበት በላይ የሚቀር ቀሚስ ለብሰው ተረከዙ እንደ ጡብ በወፈረ ጫማ ይወጡና ይወርዱ ነበር። ሲደክማቸው እኛ ዘንድ ገብተው ፎቶ ይነሳሉ። አራት ጉርድ ፎቶ በሁለት ብር፤ ሙሉ ቁመት ከሆነ ከጀርባ የሚጋረደው የተሳለ ሐይቅና ዘንባባ ነፃ ነው።

የሱቁ ጌታ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥራውን በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን እግር ሥር ተቀምጠው እንደተማሩ ይናገራሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኮሌጅ የሚያስገባ ውጤት ስላጣሁ እሳቸው ዘንድ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ኔጋቲቩን በመብራት ላይ ዘርግቶ በቀጭን እርሳስና በምላጭ ፊት ማሳመር ነበር። የፈንጣጣ ጠባሳ እሞላለሁ፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥላ አነሳለሁ፣ አገጭ የተደረበባት ሙሽራ ከሆነች አንዱን አስቀርላታለሁ። "አልማዝ፣ አንቺ እጅ ላይ የወደቀ ሰው አላህ ሁለተኛ ጊዜ እንደፈጠረው ይቁጠረው" ይሉኝ ነበር ጋሽ ሰይድ።

ወደ መንገድ የሚያየው የሱቁ መስታወት የመኳንንቱ ቦታ ነበር። ከላይ ጃንሆይ፣ ከሥራቸው የቤተ መንግሥቱ ልጆች፣ ከዚያ በየማዕረጋቸው ሌሎቹ። አሰቃቀሉን ጋሽ ሰይድ እንደ ጸሎት ነበር የሚጠነቀቁለት። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ፣ ጃንጥላ የሚይዝላቸው ሽማግሌ አስከትለው ገቡና ሰላምታ ሳይሰጡ፣

"ይኸ ሰውዬ መቼ ነው ከእኔ በላይ የወጣው?" አሉ፤ በጣታቸው ባይጠቁሙም የትኛውን ፎቶ እንደሚሉ ሁላችንም ገባን።

"ትናንት ራስ ቢትወደድ ተባሉ እሜቴ፤ ወላሂ በሬዲዮ ሰማሁ።"

"ትናንት የተባለ ነገ ይቀራል። ለእኔ የተባለልኝ ከኢየሩሳሌም ነው። አውርደው።"

ጋሽ ሰይድ አወረዱት። ሽማግሌው፣ ጋሽ ወልዴ ናቸው፣ ፎቶው እስኪወርድ ጃንጥላውን ሱቅ ውስጥ እንደዘረጉ ቆሙ።

እሜቴ የምንላቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤትን ነው። ከዙፋኑ ፈንጠር ካለ ቅርንጫፍ ነበሩ፤ ቢሆንም ዘራቸውን መቁጠር ሲጀምሩ ማንም አያቋርጣቸውም። አያታቸው ገና አራዳ ጫካ ሳለ መሬቱን ጦር እየተከሉ ለሰው እንዳደሉ፣ ቤታቸው ሲሠራ ድንጋይ እየተቀባበለ የሚያወጣው ሰው ሰልፍ ከወንዙ እስከ ጊዮርጊስ እንደደረሰ፣ ግብር ሲያበሉ ከበር የሚመለሰው ብቻ አንድ አገር ይሞላ እንደነበር ይናገራሉ። እኛ ቤታችንን ከእሳቸው ነበር የተከራየነው። እናቴ ኪራይ ልትከፍል ስትሄድ ነጠላዋን አደግድጋ ነው። ጋሽ ወልዴ የቤቱ እልፍኝ አስከልካይ ነበሩ። እሳቸው ሳይፈቅዱ እሜቴ ዘንድ የሚደርስ አልነበረም፤ ጉቦ አይበሉም፣ ሳቅ አያውቁም፣ ከእሜቴ ቤተሰብ የአንድ ዓመት ሕፃን እንኳ ሲገባ ብድግ ብለው እጅ ይነሳሉ።

ከዚያ ያ ሁሉ ወረደ። መቼና እንዴት እንደሆነ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ የማውቀው መስታወቱን ነው። ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ መካከል ላይ ያሉትን አነሱ፣ ከዚያ ዳር ዳር ያሉትን። አንድ ማለዳ ስገባ የላይኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ጀርባው ፀሐይ ስላልነካው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ቀርቷል። እዚያ ላይ የአንዲት ሕፃን የክርስትና ፎቶ ሰቀሉበት፤ አነሰና ነጩ በዙሪያው ታየ። ሙዚቃ ቤቱ የፍቅር ዘፈኖቹን ትቶ የሰልፍ ዘፈን ብቻ ማሰማት ጀመረ። ሰፊው ሱሪ ጠፋ፤ ፒያሳ ካኪ ለበሰች። እኔም ሥራ በዛልኝ። ሰዎች የምረቃ ፎቷቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው እያመጡ፣ "እሳቸውን አጥፊልኝ፣ ዲፕሎማውን ግን እንዳትነኪብኝ" ይሉኛል። ዲፕሎማውን ይሰጡ የነበሩት ጃንሆይ ናቸዋ። ንጉሥ በምን ይተካል? በዓምድ፣ በመጋረጃ፣ ብዙ ጊዜ በአበባ ማስቀመጫ። በዚያ ዓመት ስንት የተከበረ ሐኪምና መሐንዲስ ዲፕሎማውን ከአበባ ማስቀመጫ እጅ እንደተቀበለ እኔ ነኝ የማውቀው። ጋሽ ሰይድ በዚህ ይስቁ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ የአባቷን ፊት እንዳጠፋላት ስታመጣ ሳቃቸውን ተዉት።

የእሜቴም መሬት ሄደ፣ ትርፍ ቤቶቹም ሄዱ፤ እኛም ኪራያችንን ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። ቀበሌው ራሱ ጽሕፈት ቤቱን የከፈተው በእሳቸው እልፍኝ ነው። እሜቴ በገዛ ግቢያቸው፣ ከአሽከሮቹ ቤቶች በአንዱ፣ ከጋሽ ወልዴ ጋር እንዲኖሩ ተደረገ፤ ሌላው አሽከር ሁሉ ተበትኗል። አንድ ልጃቸውና ሁለቱ ወንድሞቻቸው ለጥያቄ ተፈልገው ወጥተው አልተመለሱም። አንድ ቀን ሬዲዮው ስማቸውን አንብቦ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ። ማልቀስ ክልክል ነበር። እሜቴ አላለቀሱም፤ መስኮቱን እንዲዘጋ ጋሽ ወልዴን አዘዟቸው፣ ያ ብቻ ነው።

ከቤቱ የቀረ ወንድ አንድ የልጅ ልጅ ነበር፣ ዳኛቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ውጭ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገ ሰፈሩ መልኩን አያውቀውም። ያዳነውም ይኸው ነው። አንድ ጠዋት በበረባሶ ጫማና በአሮጌ ካኪ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆመ። ጋሽ ሰይድ እሜቴ እንደላኩት ቀድመው ያውቁ ኖሮ ምንም ሳይጠይቁ፣ "ታደሰ ነው ስምህ። ከደሴ ነው የመጣኸው። ጎረቤቴ ነበር አባትህ" አሉና ጨለማ ክፍሉን አሳዩት። አንድ የሚያውቁት የጭነት መኪና ሹፌር ከፋሲካ በኋላ ወደ ጠረፍ ሊያደርሰው ቃል ገብቶላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይለየው ነው፤ ከተለየ አባቱ የሄደበት መሄዱ ነው።

ልጁ እጁ ፈጣን ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ፎቶ ማጠብም ማንሳትም ለመደ። ሲሠራ ያፏጫል፤ ቡና ሲጠጣ ስኒውን በሁለት ጣት ይይዝና እኔ ሳየው ቶሎ ብሎ በመዳፉ ይጨብጠዋል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

እሁድ እሁድ ከሰል ሻጭ መስሎ አያቱን ይጠይቃል። አንድ እሁድ እናቴ ለእሜቴ የላከችውን ሽሮ ይዤ ስገባ የሆነ ነገር ላይ ደረስኩ። እሜቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ናቸው፤ ጋሽ ወልዴ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያልባቸዋል።

"ዳኛቸው፣ ውጣና ግባ" አሉ እሜቴ።

ልጁ የከሰል ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወጥቶ ገባ። ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ።

"ለምን ተነሳህ?"

"እኔ አይደለሁም እሜቴ። ጉልበቴ ነው።"

"ጉልበትህን አስቆርጠዋለሁ። ተቀመጥ። አሁን፣ 'አንተ ታደሰ፣ ከሰሉን እዚያ አስቀምጥ' በለው።"

"አንተ ታደሰ…" ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ሰበሩ። "አንተ ታደሰ… ከሰሉን እዚያ ያስቀምጡልን።"

ልጁ ከማዳበሪያው ሥር በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅኩ። እሜቴ አልሳቁም።

"ስድሳ ዓመት ተምረህ የያዝከውን በአንድ ወር መርሳት አቃተህ?"

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ እሜቴ።"

"እኔው ነኝ። አሁንም እኔው ነኝ የማስረሳህ። ዳኛቸው፣ ውጣና ግባ።"

በየእሁዱ እንደዚህ ነበሩ። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ዱካውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ልጁ ሲገባ መቀመጥ ቻሉ። እሜቴም ሌላ ነገር አዘዙ፦ ምንም ቢሆን በዚያ ሱቅ ደጃፍ እንዳያልፉ።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ቀበሌው መታወቂያ ያልያዘ ስኳርና ዘይት አያገኝም አለ። መታወቂያ ደግሞ ያለ ጉርድ ፎቶ አይሆንም። ጋሽ ወልዴ ሌላ ፎቶ ቤት ሄደው ሊነሱ ሲዘጋጁ፣ አንድ ዓርብ በቀትር የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ የሰፈሩን ሽማግሌዎች በሙሉ ሰብስቦ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ በሰልፍ እየነዳ እኛ ሱቅ አመጣቸው። ጋሽ ወልዴ ከመካከላቸው ነበሩ።

ኃላፊው ጓድ በቀለ ይባላል። ቀጭን፣ ጥቁር መነጽር የማያወልቅ፣ አፈኛ። ሰው በቀልዱ የሚስቀው ስለሚፈራው ነበር፤ ስለሚያስቅም ነበር። አባቱ አምስት ኪሎ አካባቢ በአንድ መስፍን ቤት የፈረስ አሽከር ሆኖ እንደሞተ ራሱ በየስብሰባው ይናገራል።

ጋሽ ሰይድ ጁምዓ ሊሰግዱ ሄደዋል። ከካሜራው ጀርባ ያለው ታደሰ ነው።

እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ በርጩማው ላይ እየተቀመጡ፣ ልጁ አገጫቸውን በጣቱ ቀና እያደረገ፣ "አይርገብገቡ አባባ" እያለ ያነሳቸዋል። በቀለ ከበሩ ተደግፎ ያሾፋል። "ፈገግ በል እንጂ አንተ፣ ስኳር ልትበላ ነው!" ሰልፉ ይስቃል። የጋሽ ወልዴ ተራ ደረሰ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ፤ በርጩማውን አዩ፤ ቆሙ።

"ይቀመጡ አባባ" አላቸው ልጁ፣ ድምፁ ሳይለወጥ።

ተቀመጡ። እንደተለማመዱት በርጩማውን በሁለት እጃቸው ጨመደዱ። ደህና ነበር። ልጁ ግን ፎቶ ማንሳት አለበት፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ጠጋ ብሎ አገጫቸውን በጣቱ ቀና አደረገው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ።

"ምነው፣ በርጩማው ይፋጃል እንዴ?" አለ በቀለ። ሰልፉ ሳቀ።

ተቀመጡ። ልጁ ወደ ካሜራው ተመለሰ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ መብራቱን ሊያስተካክል እንደገና ጠጋ አለ። ብድግ።

በዚህ ጊዜ በቀለ አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ትንንሽና የደከመ ነበር።

"አንተ ፎቶ አንሺ፣ ይኸን ሽማግሌ ታውቀዋለህ?"

"አላውቃቸውም።"

"ታዲያ ሥራ እያስፈታህ አይደል? በጥፊ በለውና ቁጭ ይበል።"

"ሽማግሌ ናቸው፣ ጓድ።"

"ሽማግሌስ ናቸው። ሽማግሌ ለልጅ እግር ሲነሳ ግን አይቼ አላውቅም። አየሁ ካልኩም አንድ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው ያየሁት።" ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳ አስደገፈ፤ ሊጠቀምበት ሳይሆን ሊመቸው ነው። "በለው። ካላወቅከው ምን ቸገረህ?"

ከውጭ የሰልፍ ዘፈኑ ይሰማል። ልጁ እጁን አነሳና መታቸው። ቀላል ጥፊ አልነበረም፤ ቀላል ቢሆን እንደማይታመን ገብቶታል። ባርኔጣው ከእጃቸው ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ ሊተርፍ ይችል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደባል፣ ያለቅሳል፣ "ልጅ መታኝ" ብሎ ይጮኻል፣ በቀለም ስቆ ያልፋል። ጋሽ ወልዴ ግን እንደዚያ ያለ ነገር አልተማሩም። ጎንበስ ብለው የልጁን ጉልበት ሳሙና፣

"ይበለኝ ጌታዬ፣ ይበለኝ" አሉ።

በቀለ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

"አባቴም እንደዚህ ነበር የሚለው" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ በቀድሞው ድምፁ፣ "ማን ልበልዎ፣ ልዑል?"

ጋሽ ወልዴ መሬት ላይ እንደተንበረከኩ ቀርተው ነበር። ልጁ አያቸውና፣ ታደሰ አፍ ላይ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

"ወልዴ፣ ተነስ። ተቀመጥ" አለ።

ጋሽ ወልዴ ተነሥተው ቁጭ አሉ። አልተርገበገቡም። ልጁ አነሳቸው።

"አያችሁ?" አለ በቀለ ወደ ሰልፉ ዞሮ፤ "ለካ የሚቀመጠው ሲታዘዝ ነው።" ልጁ ካሜራውን ሊዘጋ ሲል ግን ከለከለው። "የት ይሄዳሉ? ሰፊው ሕዝብ መታወቂያ ይፈልጋል። ጨርሱልን እንጂ።"

ልጁ የቀሩትን ሽማግሌዎች በሙሉ አነሳ። አንዱንም አላበላሸም። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ሲቀመጥ ወደ ሌላ ለማየት እየሞከረ፣ እሱ ግን አገጫቸውን ቀና እያደረገ፣ "አይርገብገቡ" እያለ። ሲጨርስ ሽርጡን ፈትቶ አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በቀለ ከኋላው ተከትሎት ወጣ።

አልተመለሰም። ስንቅ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ከፋሲካ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀበሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ዘበኛው፣ "ይኸ ሰው እዚህ የለም፣ አትልፊ" ብሎ ሳህኑን እንዳለ መለሰልኝ። ሹፌሩ በቀጠሮው ቀን መጥቶ ጋሽ ሰይድን ጠየቀ፤ የመለሱለትን አልሰማሁም።

ፊልሙ በዚያው ዓርብ መታጠብ ነበረበት፤ ቀበሌው ይፈልገዋል። ጋሽ ሰይድ ተመልሰው የሆነውን ስነግራቸው ጨለማ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ሲወጡ ኔጋቲቮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። ጋሽ ወልዴ ቀይ ሰው ነበሩ፤ የጣቶቹ መስመር ግራ ጉንጫቸው ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እርሳሴን ቀርጬ አንድ በአንድ ሞላሁት። ሥራዬ ነው። ሲያልቅ፣ በደህና ቀን ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሆኑ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እሜቴ ዘንድ ሄድኩ። ሌላ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ጋሽ ወልዴ ከተመለሱ ጀምሮ ከበሩ ውጭ ቆመው አልገቡም። ነጠላዬን አስተካክዬ አለፍኳቸው። እሜቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣

"መታው?" አሉ።

"መቱት፣ እሜቴ።" ስለ እሱ በአንቱታ የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"በገዛ እጁ?"

"በገዛ እጃቸው።"

እሜቴ ግድግዳውን አዩ። ከግድግዳው ማዶ፣ በቀድሞ እልፍኛቸው፣ የቀበሌው ሰዎች ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ጭብጨባው ይሰማል።

"የእኛ ቤት ወንዶች በገዛ እጃቸው ሰው መትተው አያውቁም" አሉ። "ከአያቴ ጀምሮ። የሚመታላቸው ሰው ነበራቸው።"

ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ከበሩ ብቅ አሉ።

"እውነት ነው እሜቴ" አሉ። "የምመታላቸው እኔ ነበርኩ።"